ራሙን ብቻ ሳይሆን ስክሪኑንም ጠይቁ

አዳማ ውስጥ ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ራሙ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ቀጥሎ ሃርድ ዲስኩን፣ ከዚያ ኮር አይ 5 ይሁን አይ 7። ቀኑን ሙሉ የምናፈጥበትን ስክሪን ግን «15.6 ኢንች ነው» ካሉን እናልፈዋለን። እኔ ከሁሉ በፊት እሱን ጠይቁ ባይ ነኝ።

ኢንቹ ከአንዱ ማዕዘን እስከ ትይዩው ያለውን ርዝመት እንጂ የምስሉን ጥራት አይነግረንም። ምስሉን የሚሠሩት ፒክሰሎች ናቸው፤ በረድፍ የተደረደሩ ጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች። ብዛታቸው ሪዞሉሽን ይባላል። ደስ የሚለው ነገር እዚህ ላይ ነው! እኩል 15.6 ኢንች ከሆኑ ሁለት ላፕቶፖች አንዱ 1366 በ768፣ ሌላው 1920 በ1080 ሊሆን ይችላል። አባዙት፦ የመጀመሪያው 1 ሚሊዮን ገደማ፣ ሁለተኛው ከ2 ሚሊዮን በላይ ፒክሰል አለው።

ልዩነቱ በፊደላችን ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። «ሊ» እና «ሌ»ን አስተያዩ። ሁለቱን የሚለየው ቀኝ እግራቸው ሥር ያለው ነው፤ አንዱ አጭር ሰረዝ፣ ሌላው ቀለበት። ጽሑፉ ሲያንስ የዚያ ቀለበት ቀዳዳ አንዲት ፒክሰል ብቻ ይደርሰዋል። እሷ ከጠፋች ቀለበቱ ይደፈናል፣ «ሌ» «ሊ»ን ይመስላል፤ ማመልከቻ ስትጽፉ ውላችሁ ዓይናችሁ የሚቃጠለው አንድም በዚህ ነው። ስክሪኑን ከመውቀሳችሁ በፊት ግን የዲስፕሌይ ሴቲንጉን እዩ። ስክሪኑ ከተሠራበት ሪዞሉሽን ዝቅ ተደርጎ ከሆነ ጥሩውም ይደበዝዛል።

ላፕቶፑን ከፕሮጀክተር ጋር የምታያይዙበትን ገመድም እዩ። ሰማያዊ ጫፍ ያለው ባለ 15 ፒኑ ገመድ ቪጂኤ ነው፤ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው። የሚያስተላልፈው አናሎግ ምስል ብቻ ስለሆነ በሱ የተያያዘ ፕሮጀክተር ድምፅ ባያወጣ አትደነቁ። ኤችዲኤምአይ ዲጂታል ነው፣ ምስልና ድምፅ አብሮ ይወስዳል።

ምስሉን አዘጋጅቶ ወደ ስክሪኑ የሚልከው ግራፊክስ ካርድስ? አንድ የ1920 በ1080 ምስል 8 ሜጋ ባይት ገደማ ይይዛል፤ ስክሪኑ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል። የራሱ ሜሞሪ ያለው ካርድ ይህን ብቻውን ይሸከማል። ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው ግን ከራሙ ይቀነስለታል፤ 4 ጊጋ ተብሎ የተገዛ ማሽን ለፕሮግራሞቹ ከ4 በታች የሚተርፈው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

የአዳማን ሙቀትና አቧራም አትርሱ። የነፋስ ተርባይኖች የተተከሉባት ከተማ ናት፤ ያው ነፋስ አቧራውን ፋን ውስጥ ያስገባዋል። ፋኑ ሲታፈን ፕሮሰሰሩ ይግላል፣ እንዳይቃጠልም ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። «ኮምፒውተሬ አረጀ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ፋን ማስጠረግ ብቻ ነው የሚፈልገው።

እናም ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት ላፕቶፑን አስከፍቱ፣ አነስ ባለ ፊደል «ሊ ሌ» ብላችሁ ጻፉ፣ ከዚያ ወደ ደጅ ብርሃን አውጡትና ምስሉ ይደበዝዝ እንደሆነ ከጎንም ከላይም እዩት።