ጀልባና ሞተሩ እንዴት ይክረሙ?

ከጀልባ ጀርባ የሚታሰረው ሞተር ከውጭ አገር ሲመጣ የመመሪያ መጽሐፍ አብሮት ይላካል። በመጽሐፉም ውስጥ ሞተሩ በክረምት ጊዜ እንዴት እንደሚቀመጥ የሚገልጽ ምዕራፍ ይገኛል። ምዕራፉ የተዘጋጀው በክረምት ሐይቃቸው በረዶ ለሚሆንባቸው አገሮች ስለሆነ፣ የጣና ባለ ጀልባ «ይህስ እኛን አይመለከትም» ብሎ ገጹን ቢያልፈው አያስወቅሰውም። ይሁን እንጂ አብዛኛው ክፍል ለባሕር ዳርም፣ ለጎርጎራም፣ ለዘጌም ባለ ጀልባ ሆን ተብሎ የተጻፈ ያህል ይጠቅማል። የሚረጋ ሐይቅ ባይኖረንም፣ ከሰኔ እስከ መስከረም የማያቋርጥ እርጥበት አለን። ሞተርንም የሚጎዳው የሥራ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ያለ ዝግጅት ሥራ መፍታትም ይጎዳዋል።

መስከረም ሲጠባ በወደብ የሚታየው ነገር የታወቀ ነው። እንግዶች ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለመሻገር ተሰብስበው ይጠብቃሉ። ሞተረኛው ገመዱን ይስባል፤ ሞተሩ ዝም ይላል። ደግሞ ይስባል፤ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳል ብሎ ይጠፋል። ጥቂት ቆይቶ እንግዶቹ ወደ ጎረቤቱ ጀልባ ይዛወራሉ። የዚያ ቀን ገቢ መቅረቱ ግን ከጉዳቱ ሁሉ ትንሹ ነው። ሞተሩም መለዋወጫውም በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸው፤ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በመንፈቅ ጊዜ ውስጥ አንድ ዶላር የሚገዛበት ብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮም መጀመሪያ በወረርሽኙ፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ምክንያት ጎብኚ ስለቀነሰ፣ ከክረምት ውጭም ያለ ሥራ የሚቆመው ጀልባ በዝቷል። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነገረው ለሰኔ ብቻ የሚሆን ምክር አይደለም።

አስቀድሞ የሚታሰበው ቤንዚኑ ነው። ቤንዚን ሲቆይ ቀላሉ ክፍል ይተንና ቀሪው እንደ ሙጫ ይወፍራል፤ በካርቡራቶሩ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎችም ይደፍናል። በመስከረም እንቢ ከሚሉት ሞተሮች ብዙዎቹ ሕመማቸው ይኸው ነው። መድኃኒቱ ግን ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሞተሩ ንጹሕ ውኃ በሞላ በርሜል ውስጥ እንደቆመ ይነሣና የቤንዚኑ ቱቦ ይነቀላል፤ በውስጡ የቀረውን አቃጥሎ ራሱ ይጠፋል። ከዚያም በካርቡራቶሩ ሥር ያለችው ትንሽ ብሎን ተፈትታ ዝቃጩ ይፈሳል። ነዳጁን በኤሌክትሪክ የሚረጩት አዳዲስ ሞተሮች ግን በዚህ ዓይነት አይደርቁም፤ ለእነርሱ ቤንዚኑን ከመበላሸት የሚጠብቅ መድኃኒት ተቀላቅሎ ሞተሩ ዐሥር ደቂቃ ያህል እንዲሠራ ይደረጋል። በጀሪካን የተረፈው ቤንዚን ዘይት ያልተቀላቀለበት ከሆነ ለመኪና ይዋል እንጂ እስከ መስቀል አይጠበቅበት።

በርሜሉ የተጠቀሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ውኃ በሚስብ የጎማ ፓምፕ ስለሆነ፣ ለሙከራ ተብሎ በደረቅ ቢነሣ ጎማው በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ሊቃጠል ይችላል። የበርሜሉ ውኃ በሐይቁ የተሳበውን ደለልም ያጥባል። በ2004 ዓ.ም. በጣና ላይ መታየቱ የተነገረለት እምቦጭ ሥሩና ቅጠሉ የውኃ መሳቢያውን ቀዳዳ ስለሚደፍን፣ ይህም ቀዳዳ በዚያው ጊዜ ይጸዳል።

ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የማጥፊያው ገመድ ይነቀልና ካንዴላዎቹ ይፈታሉ። በየቀዳዳው ጥቂት የሞተር ዘይት ተጨምሮ ማስነሻው ሁለት ሦስት ጊዜ በዝግታ ሲሳብ፣ ዘይቱ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይለብሳል፤ ዝገትም አያገኘውም። በዘይት መያዣ የሚሠራ ባለ አራት ምት ሞተር ከሆነ፣ አሮጌው ዘይት ሲቆይ ብረት የሚበላ አሲድ በውስጡ ስላለ ከክረምቱ በፊት ይለወጣል። ዘይት መለወጥን ለመስከረም ማቆየት የብዙዎች ልማድ ነው፤ ጥሩ ልማድ ግን አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው የታችኛው የማርሽ ዘይት ነው። የታችኛው ብሎን፣ ቀጥሎም የላይኛው ሲፈታ ዘይቱ ይወርዳል። ጥቁር ሆኖ ከወረደ ደኅና ነው። ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሎ ከወረደ ግን ውኃ ገብቷል ማለት ነው። በበረዶ አገር ይህ ውኃ ረግቶ ቤቱን ይሰነጥቃል፤ በእኛ አገር ባይሰነጥቅም ሦስት ወር ተኝቶ ጥርሱንና ኩሽኔታውን ያዝጋል። ውኃው የሚገባበት ዋናው ምክንያት ከፕሮፔለሩ ጀርባ የተጠመጠመ የዓሣ መረብ ክር ነው፤ ናይለኑ ዘይት የሚያግደውን የጎማ ቀለበት ይቆርጠዋል። ስለዚህ ፕሮፔለሩ ይወልቅ፣ ክሩ ይለቀም፣ ዘንጉም ግራሶ ይቀባ። አዲሱ ዘይት የሚሞላው ከታችኛው ቀዳዳ ወደ ላይ ነው፤ ከላይ ቢሞላ አየር ታምቆ ይቀራል። በላይኛው ቀዳዳ ሲወጣ መጀመሪያ የላይኛው፣ ቀጥሎ የታችኛው ብሎን ይታሰራል።

በመጨረሻ ሞተሩ በእንጨት መደገፊያ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ራሱ ዝቅ፣ እግሩ ከፍ ብሎ ከተኛ የቀረው ውኃ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። ባትሪውም ተፈትቶ በደረቅ ስፍራ ይቀመጥ፤ በየወሩም ቻርጅ ይደረግ።

ስለ ጀልባው ደግሞ ትንሽ ሒሳብ ማስላት ይበቃል። 6 ሜትር በ2 ሜትር በሆነ ጀልባ ላይ በአንድ ሌሊት 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 600 ሊትር፣ ማለት 600 ኪሎ የሚመዝን ውኃ ይጠራቀማል። በወደብ ታስሮ የተተወ ጀልባ ማዕበል ሳይነካው የሚሰጥመው በዚህ ነው። የታንኳ ባለቤት ከሐይቅ ሲመለስ ደንገሉን አውጥቶ፣ አቁሞ ያደርቀዋል፤ ውድ ጀልባ ያለው ሰው ይህን ከእርሱ ቢማር ነውር የለበትም። ጀልባው ይውጣ፣ ከመሬት በግንድ ይነሣ፣ የውኃ ማፍሰሻው ይከፈት፣ ከኋላ ዝቅ ይበል። ሸራው ሲለብስ ነፋስ መግቢያ ይተውለት፤ ተጠፍንጎ የታሰረ ሸራ ሻጋታ ያበቅላል።

መለዋወጫ የሚያስመጡ ነጋዴዎችም የሚያስቡበት ነገር አለ። የኖርዌይ ተወላጁ አሜሪካዊ ኦሌ ኤቪንሩድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. ለገበያ ያቀረበውና ስሙን ያወረሰው ሞተር፣ በ2020 ዓ.ም. መሠራቱ ቆሟል። ይህ ሞተር ያለው ሰው ፓምፑንና የጎማ ቀለበቶቹን ሳይቸኩል በክረምቱ ቢያፈላልግ ይሻለዋል፤ ደንበኛ ያለው ነጋዴም እንዲሁ።

በመስከረም ሞተሩ ሲነሣ ለጥቂት ደቂቃ ነጭ ጭስ ያወጣል። በሰኔ የተጨመረው ዘይት እየተቃጠለ ስለሆነ አያስደነግጥም። መታየት ያለበት ከጎኑ የሚፈሰው ቀጭን የውኃ ጅረት ነው፤ እርሱ ካልወጣ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ፣ እንግዳም አይጫን።