ሶለዋት በአንድ ምልክት፦ በኮምፒውተር እንዴት ይቀመጣል? እንዴትስ ይጻፋል?

የነቢዩ ሙሐመድ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ስም በተነሣ ቁጥር ሶለዋትን አሟልቶ መጻፍ የሐዲሥ ሊቃውንት ለጸሓፊዎች ያስተላለፉት አደብ ነው። በ643 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢብኑ ሶላሕ በታወቀው ኪታባቸው፣ ጸሓፊ ሶለዋትን ደጋግሞ መጻፍ እንዳይሰለቸው፣ በሁለት ፊደል ወይም በመሰል ምልክት አሳጥሮም እንዳያጎድለው አሳስበዋል። በአማርኛ መጻሕፍታችን በቅንፍ የምናስገባቸው ሦስት ፊደላት ከዚህ ማሳሰቢያ አንጻር የት እንደሚወድቁ ለመምህራን መንገር አያሻም። በኮምፒውተር ግን ሙሉውን ሐረግ በተያያዘ የዐረብኛ ጽሕፈት የሚያሳይ አንድ ምልክት አለ። እርሱስ ምሕጻር ነውን?

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። የዓለምን ፊደላት በአንድ ሰንጠረዥ የሚያሰፍረው ዩኒኮድ ለ«ሀ» 4608ን፣ ለዚህ ምልክት ደግሞ 65018ን መድቧል። ምልክቱ የገባው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው፤ የግእዝ ፊደል እስከ 1999 ድረስ ቆይቷል። በሰንጠረዡ መዝገብ ከምልክቱ ጎን የሰፈረው አቻ ሙሉው የዐረብኛ ሐረግ ነው፦ 15 ፊደላትና 3 ክፍት ቦታዎች፣ በድምሩ 18። በመላው ዩኒኮድ ከዚህ የረዘመ አቻ የተመዘገበለት ምልክት የለም። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ 3 ባይት ብቻ የሚይዘው ምልክት፣ ወደ ፊደላቱ ሲፈታ 33 ባይት ይሆናል። ስለዚህ በእኔ እይታ (ፈትዋ መስጠቴ አይደለም) ምልክቱ የተቆረጠ ሐረግ ሳይሆን የተጠቀለለ ሐረግ ነው።

አጻጻፉ ቀላል ነው። በዊንዶውስ ላይ ማይክሮሶፍት ወርድን ከፍቶ፣ አልት የተባለውን ቁልፍ እንደያዙ በቀኝ ባለው የቁጥር ሰሌዳ 65018 መምታት ይበቃል። ከላይ የተደረደሩት ቁጥሮች አያገለግሉም። ዘወትር ለሚጽፍ ሰው የሚሻለው ግን በወርድ የራስ-ሰር ማረሚያ ውስጥ አንድ አጭር ቃል መዝግቦ በምልክቱ እንዲተካ ማዘዝ ነው፤ ብዙ ስልኮችም ይህን ይፈቅዳሉ።

ችግሩ ያለው ከመጻፍ በኋላ ነው። ቁጥሩ ሥዕል አይደለም፤ ሥዕሉን የሚያቀርበው ፎንቱ ነው። በግእዝ ፎንቶች ውስጥ ይህ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ስለሌለ ኮምፒውተሩ ከሌላ ፎንት ይዋሳል፤ የሚዋሰው ካጣ ባዶ ሳጥን ያስቀምጣል። ለደረሶች ያዘጋጀሁት የሲራ ማስተማሪያ አንድ ጊዜ ከኅትመት ሲመለስ ከስማቸው ቀጥሎ የተገኘው ይኸው ሳጥን ነበር። አንድ ልጅ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሳጥኑን ዘሎት አለፈ፤ ሶለዋቱም ሳይባል ቀረ። በፋይሉ ውስጥ ቁጥሩ በቦታው ነበር፤ የጠፋው ከአንባቢው ዓይን ነው። ፋይሉ ፎንቶቹን አካትቶ በፒዲኤፍ ቢላክ ኖሮ ይህ ባልደረሰ።

ለሶሓቦች የሚጻፈው «ረዲየላሁ ዐንሁ» በ64833 ቁጥር አንድ ወጥ ምልክት ሆኖ የተመዘገበው በ2021 ስለሆነ፣ ቆየት ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ ሳጥን የመሆን ዕድሉ የበለጠ ነው። የበስመላው ምልክት፣ 65021፣ ከ2003 ጀምሮ አለ። ሆኖም እንደ ሶለዋቱ የተመዘገበ የፊደል አቻ ስለሌለው በፍለጋ ጊዜ ወደ ቃላቱ አይፈታም።

እኔ አሁን የምሠራው እንዲህ ነው፦ በማስተማሪያው መጀመሪያ ላይ ሐረጉን በአማርኛ ፊደል ሙሉ በሙሉ ከነትርጉሙ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ በምልክቱ እጠቀማለሁ፤ ለልጆች በሚዘጋጅ ጽሑፍ ግን በየቦታው በፊደል እጽፈዋለሁ። በትንሽ መጠን ሲታተም ምልክቱ ጥቁር ነጠብጣብ ይመስላልና።