የጨዋታ ቆጣሪዎች፦ ከቤዝቦል ምርምር እስከ ዱርንፎንቴን

ቤዝቦል ለቆጠራ የሚመች ጨዋታ ነው። ወርዋሪው ይወረውራል፣ መቺው በዱላው ሊመታ ይሞክራል፣ ውጤቱ ይታወቃል፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ቦታው ተመልሶ ሌላ ውርወራ ይጀመራል። እግር ኳስ ያለ ማቋረጥ ሲፈስ ቤዝቦል በየውርወራው ይቆማል፤ ስለዚህ እያንዳንዷን ክንውን ለብቻዋ መመዝገብ ይቻላል። እንግሊዝ ተወልዶ በኒው ዮርክ በጋዜጠኝነት ያገለገለው ሄንሪ ቻድዊክ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አንድን ግጥሚያ በትንሽ ሠንጠረዥ የማስፈር ልማድ አስፋፋ። ጋዜጦች ሠንጠረዡን በየቀኑ ማተም ያዙ። በዚህ መንገድ የተከማቸው መዝገብ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ራሱን የቻለ የእንጀራ ምንጭ ሆነ።

የጨዋታ ትንተናን ሙያ የጀመሩት የክለብ ሠራተኞች አልነበሩም። በ1971 እ.ኤ.አ. (ሌላ ካልተባለ ዓመቶቹ በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቦብ ዴቪድስ የተባለ የጨዋታው ታሪክ አፍቃሪ በኩፐርስታውን ከተማ ጥቂት ሰዎችን ሰብስቦ የአሜሪካ የቤዝቦል ምርምር ማኅበርን መሠረተ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ቢል ጄምስ በካንሳስ ግዛት በአንድ የባቄላ ማሸጊያ ፋብሪካ የሌሊት ጥበቃ ነበር፤ በሥራ ሰዓቱ ጋዜጣ ላይ የወጡትን ሠንጠረዦች እየደመረ በ1977 የመጀመሪያውን ዓመታዊ ጥራዙን በራሱ ወጪ አሳተመ።

የጄምስ ጥያቄዎች ቀላል ይመስሉ ነበር። በዘመኑ የአንድ መቺ ችሎታ የሚለካው ከሞከረው ውስጥ ምን ያህሉን በተሳካ ሁኔታ እንደመታ ነበር። ነገር ግን ወርዋሪው አራት የተበላሹ ኳሶች ሲወረውርለት ነጥብ ለማግኘት ከሚታለፉት ጣቢያዎች ወደ መጀመሪያው በነፃ የሚሄድ መቺም አለ፤ ታግሦ ያገኘው ይህ ጥቅም በመለኪያው ውስጥ አልነበረም። አንድ ቡድን በመደበኛ ግጥሚያ እንዲመታ የሚፈቀድለት ተጫዋቾቹ 27 ጊዜ እስኪወጡበት ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር ሳይወጡ ጣቢያ ላይ መድረስ ነው፤ በምትም ይሁን በትዕግሥት ለውጥ የለውም።

ክለቦቹ ይህን ለመቀበል ሃያ ዓመት ያህል ፈጀባቸው። በ2002 የኦክላንድ ክለብ ሥራ አስኪያጅ ቢሊ ቢን እና የሃርቫርድ ምሩቁ ረዳቱ ፖል ዴፖዴስታ ሌሎች ክለቦች የናቋቸውን፣ ግን ጣቢያ ላይ የመድረስ ልማድ ያላቸውን ተጫዋቾች በርካሽ ሰበሰቡ። ለተጫዋቾች የከፈሉት 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ የኒው ዮርክ ያንኪስ ወጪ ከዚያ በሦስት እጥፍ ይበልጥ ነበር። ሁለቱም በዚያ ዓመት እኩል 103 ግጥሚያ አሸነፉ። ማይክል ሉዊስ ታሪኩን በ2003 በመጽሐፍ አወጣው፤ በ2011 ደግሞ ፊልም ሆነ። ቦስተን ሬድ ሶክስ ቢል ጄምስን በአማካሪነት ቀጠረ፤ በ2004 ከ1918 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሳ።

ከዚያ ወዲህ የተንታኞች ክፍል የሌለው ትልቅ ክለብ የለም። ከ2015 ጀምሮ በሠላሳዎቹም የዋናው ሊግ ሜዳዎች ራዳርና ካሜራ ተተክሎ የኳሱ ፍጥነትና አቅጣጫ፣ የተጫዋቾች ሩጫም ይለካል። በ2020 ራዳሩን የተካው የካሜራ ሥርዓት በቴሌቪዥን መጀመሪያ የታወቀው በ2001 በክሪኬት ነበር። ይህን ሁሉ መረጃ የሚያጠራና የሚያከማች የሶፍትዌር ባለሙያ ያስፈልጋል። ከመረጃው ትንበያ የሚያወጣ የስታቲስቲክስ ሰው፣ የወርዋሪውን ክንድ እንቅስቃሴ የሚያጠና የአካል እንቅስቃሴ ተመራማሪ፣ የሚቀጥለውን ተጋጣሚ በቪዲዮ የሚያጠናም እንዲሁ። በቢሮ የሚጠናቀቀው ግን የሥራው ግማሽ ብቻ ነው።

የቀረውን ግማሽ የፒትስበርግ ፓይሬትስ ታሪክ ያሳያል። ክለቡ ሃያ ተከታታይ ዓመታት ከግማሽ በላይ ግጥሚያውን ማሸነፍ ተስኖት ነበር። የሶፍትዌር ባለሙያና የቤዝቦል ጸሐፊ የነበረው ዳን ፎክስ እና የሥራ ባልደረባው ማይክ ፊትዝጄራልድ ተጋጣሚ መቺዎች ኳሱን አዘውትረው ወዴት እንደሚልኩት አጥንተው ተከላካዮቹ ከለመዱት ቦታ ውጪ እንዲቆሙ መከሩ። ነባሩ አሠልጣኝ ክሊንት ኸርድል ምክሩን ለመቀበል ጊዜ ወሰደበት፤ ሲቀበለው ግን ተንታኙን ወደ ተጫዋቾች ስብሰባ አስገባው። በ2013 ቡድኑ ከ1992 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጥሎ ማለፉ ደረሰ። ተጫዋች የማያምነው አኃዝ ሜዳ ላይ አይሠራም፤ እዚያ የተሳካው ሁለቱ ወገኖች አንድ ክፍል ውስጥ ስለተቀመጡ ነው።

ይኸው ክለብ በ2008 ከጆሃንስበርግ አንድ ወጣት አስፈረመ። ጊፍት ንጎፔ ያደገው በከተማዋ ሰሜናዊ ክፍል በራንድበርግ፣ እናቱ ትሠራበት በነበረው የቤዝቦል ክለብ ቤት ውስጥ ነው። ሚያዝያ 26 ቀን 2017 በአሜሪካ ዋና ሊግ የተሰለፈ የመጀመሪያው የአፍሪካ አህጉር ተወላጅ ሆነ፤ በመጀመሪያ ሙከራውም የቺካጎ ከብሱን ወርዋሪ የጆን ሌስተርን ኳስ መትቶ ጣቢያ ደረሰ። ንጎፔን ለዚያ ያበቃው ከዱላው ይልቅ የመከላከል ችሎታው ነው። በድሮው ሠንጠረዥ የተከላካይ ዋጋ የሚታየው በዋናነት ስሕተቱ ሲቆጠር ስለነበረ ሌላው የማይደርስበትን ኳስ ሮጦ የሚይዝ ሰው ምስጋና አያገኝም ነበር። ያንን ስውር ጥቅም መለካት መቻሉ እንደ እሱ ያሉ ተጫዋቾችን ለሚገመግሙ ክለቦች ትልቅ ትርጉም አለው።

በጆሃንስበርግ ቤዝቦል የጥቂቶች ጨዋታ ነው። ሙያው በከተማዋ የሚታየው በራግቢና በክሪኬት፣ በእግር ኳስም በኩል ነው፤ ለዚህም ከዱርንፎንቴን የሚሻል ሰፈር አይገኝም። ከመሀል ከተማው በስተምሥራቅ፣ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ከሚበዙበት የጄፒ ጎዳና ብዙም ሳይርቅ የኤሊስ ፓርክ ስታዲየም ይገኛል። በ1928 ተከፍቶ በ1982 እንደ አዲስ የተሠራው ይህ ሜዳ የ1995ን የራግቢ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አስተናግዷል፤ ደቡብ አፍሪካ ኒው ዚላንድን 15 ለ 12 ያሸነፈችው በጭማሪ ሰዓት በጆኤል ስትራንስኪ ምት ነው። የጆሃንስበርግ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስና የምሕንድስና ትምህርት የሚሰጥበት ግቢም በዚሁ ሰፈር ነው። ማንኛውም ትልቅ የራግቢ ቡድን ዛሬ እያንዳንዱን ታክልና ውርወራ ከቪዲዮ ላይ የሚመዘግብ፣ ተጫዋቾች በጀርባቸው ከሚይዙት የቦታ መለኪያ የሩጫቸውን ርቀት የሚያሰላ ባለሙያ አለው።

ለተንታኝ ሰፈሩ የሚያስተምረው ትልቁ ነገር አየሩ ነው። ጆሃንስበርግ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አየሩም ከደርባን ወይም ከኬፕ ታውን በአምስት እጅ አንድ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ኳስን ብዙም ስለማያግድ በኤሊስ ፓርክ የተመታ ኳስ ርቆ ይሄዳል፤ ከባሕር ዳርቻ የመጣ ቡድን ደግሞ በሁለተኛው አጋማሽ ትንፋሽ ያጥረዋል። ቤዝቦልም ይኸው ችግር አለበት። 1,600 ሜትር ላይ በምትገኘው ዴንቨር በ1995 የተከፈተው ኩርስ ፊልድ ለመቺዎች ገነት፣ ለወርዋሪዎች መከራ ነበር፤ ኳሱ ርቆ ከመብረሩም በላይ ወርዋሪው ሊያጣምመው ሲሞክር እምቢ ይላል። ክለቡ ከ2002 ጀምሮ ኳሶቹን እርጥበቱ በተመጠነ ክፍል ማስቀመጥ ጀመረ። ተንታኞች ደግሞ ቡድኑና ተጋጣሚዎቹ በዚያ ሜዳ ያስቆጠሩትን በሌሎች ሜዳዎች ካስቆጠሩት ጋር አነጻጽረው የሜዳውን ድርሻ ከተጫዋቹ አኃዝ ይቀንሳሉ። የዚህ ሙያ የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከኤሊስ ፓርክ አጠገብ ባለው የጆሃንስበርግ ስታዲየም በመስከረም 1998 የአትሌቲክስ የዓለም ካፕ ሲካሄድ አሜሪካዊቷ ሯጭ ማሪዮን ጆንስ 200 ሜትርን በ21.62 ሰከንድ ሮጠች። ከ2000 ወዲህ ያገኘቻቸው ውጤቶች በአበረታች መድኃኒት የተነሳ ተሰርዘውባታል፤ ይህኛው ግን በመዝገብ ቆይቷል፤ በመዝገቡም አጠገቡ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መመዝገቡን የሚያሳይ ፊደል ይጻፋል። የሳሳው አየር አጭር ርቀት ሯጭን ይጠቅማል፤ ረጅም ርቀት የሚሮጠውን ግን ኦክስጅን ስለሚያሳጣ ያዘገየዋል። 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ባለው የአዲስ አበባ ስታዲየም የ10,000 ሜትር ሰዓት ከአውሮፓ ከተሞች ሰዓት ጋር ጎን ለጎን አይታይም፤ የኢትዮጵያ አሠልጣኞች ይህን ያለ ኮምፒውተርም ያውቁታል።

ስሌቱ ትክክል ሆኖ መልእክቱ ከተሳሳተ ምን እንደሚመጣ ደግሞ ደቡብ አፍሪካውያን በመጋቢት 3 ቀን 2003 አይተዋል። በደርባን በተካሄደው የክሪኬት የዓለም ዋንጫ ግጥሚያ ስሪ ላንካ 268 ነጥብ አስቆጥራለች፤ ደቡብ አፍሪካ እየተከተለች ሳለ ዝናብ መጣ። ያኔ ግጥሚያ በዝናብ ሲቋረጥ ይሠራበት የነበረው ቀመር በሁለት እንግሊዛውያን፣ በፍራንክ ዳክዎርዝና በቶኒ ሉዊስ የተዘጋጀ ነው፤ በየደረጃው የሚፈለገው ነጥብም በወረቀት ታትሞ ለቡድኖች ይሰጥ ነበር። የደቡብ አፍሪካው ማርክ ባውቸር የስሪ ላንካውን የሙቲያ ሙራሊታራንን ኳስ ለስድስት ነጥብ መትቶ ቡድኑን 229 ላይ አደረሰው። የተላከለት መልእክት ይህ ይበቃል የሚል ስለነበረ የመጨረሻዋን ኳስ ነጥብ ሳይሞክርባት አገዳት። ነገር ግን 229 የአቻ ነጥብ ነበር፤ ለማሸነፍ 230 ያስፈልግ ነበር። ዝናቡ በረታ፣ ግጥሚያው በአቻ አበቃ፣ አስተናጋጇ አገር ከውድድሩ ወጣች። በቀመሩ ላይ ስሕተት አልነበረም።

ወደዚህ ሥራ መግባት ለሚሻ ወጣት የሚጠየቀው ችሎታ የታወቀ ነው፦ ስታቲስቲክስ፣ እንደ ፓይተንና አር ያሉ የፕሮግራም ቋንቋዎች፣ መረጃን ከትልቅ ክምችት አውጥቶ የማደራጀት ልምድ። ጨዋታውን ራሱ የተጫወተ መሆን ግዴታ አይደለም። ይልቅ ክለቦች የሚያዩት አመልካቹ ከዚህ ቀደም ማንም ያልመለሰውን ጥያቄ በይፋ በሚገኝ መረጃ መልሶ እንደሆነ ነው፤ ብዙዎቹ ተንታኞች የተቀጠሩት ጽሑፋቸው ከተነበበ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሚገኘው ቦታ ብዙ ጊዜ የአንድ ውድድር ዘመን ልምምድ ነው፤ ምሽትና ቅዳሜና እሑድ የሥራ ሰዓት ናቸው፤ ክፍያው ተመሳሳይ ዕውቀት በባንክ ወይም በሶፍትዌር ድርጅት ከሚያስገኘው ያንሳል።

በኢትዮጵያ የጎደለው መዝገቡ ነው። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ ግብ ያስቆጠሩት ግርማ ተክሌ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በሊጉ የተደረጉት አብዛኞቹ ግጥሚያዎች ግን ከውጤታቸው በቀር ያስቀሩት ጥቂት ነው። የስፖርት ጋዜጠኛው ገነነ መኩሪያ የእግር ኳሱን ታሪክ ከሰውና ከወረቀት ሲያሰባስብ የኖረው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ግጥሚያዎች መሥሪያ ቤቱ በዚያው በራንድበርግ በሆነው በሱፐርስፖርት መተላለፍ ሲጀምሩ ግን ሁኔታው ተለወጠ፤ ቀረጻ ካለ ማን ለማን እንዳቀበለ፣ ኳሱ የት እንደተነጠቀ፣ የትኛው ተከላካይ በየትኛው ደቂቃ ቦታውን እንደለቀቀ እንደገና እያዩ መመዝገብ ይቻላል። የአንድ ግጥሚያ ምዝገባ ልምድ ላለው ሰውም ቢሆን የብዙ ሰዓት ሥራ ነው፤ የሚያስፈልገው ቀረጻው፣ አንድ ላፕቶፕና ሁሉም መዝጋቢ የሚስማማበት የአመዘጋገብ ደንብ ነው።