የጃንደረባው ወርቅ (ክፍል ስድስት)

መጣችሁ? ባለፈው ሳምንት በዚያ ማዕድ ላይ ጥያችሁ በመሄዴ ስታሙኝ እንደሰነበታችሁ አውቃለሁ፤ ምላሴን ስነክስ ነው የከረምኩት። ይሁን፤ ሳምንት መታገስ ማንንም አልገደለም። የዛሬው ነገር ግን ሊገድል ይችላል።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 449 ነው፤ ቦታው ቁስጥንጥንያ። የምሥራቅ ሮማው ንጉሥ የዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ሰይፍ ጃግሬ፣ ጃንደረባው ክሪሳፊዮስ፣ የሁኖቹን ንጉሥ የአቲላን መልእክተኛ ኤዴኮን ብቻውን ቤቱ ጠርቶ አበላ፣ አጠጣ፣ አስማለ። ከዚያ ያቺን ነገር ጣል አደረጋት፦ ጌታህን ግደልልኝ፣ ባለወርቅ ጣሪያ ቤት ያንተ ነው። ኤዴኮ ደግሞ ተራው ሲደርስ ታጥቆ የአቲላን ድንኳን የሚጠብቅ ሰው ነው። ለዘበኞቹ የሚታደል 50 ፓውንድ ወርቅ ጠየቀ፤ በዛሬ ሚዛን 16 ኪሎ ግድም ይሆናል። ቃሉን ወዲያና ወዲህ ሲያቀብል የነበረው ቱርጁማኑ ቪጊላስ ነው።

ኤዴኮ ሲወጣ ምን ብሎ እንደነበር ግን ልብ ብላችሁታል?

«ወርቁን አሁን አልይዝም። ስንመለስ አቲላ ማን ምን ያህል እንደሰጠን አንድ በአንድ ይጠይቀናል። ቪጊላስ አብሮኝ ይምጣ፤ ወርቁ በምን መንገድ እንደሚላክ በእሱ በኩል አስታውቃችኋለሁ።»

ጠንቃቃ ሰው ነው አላችሁ። ክሪሳፊዮስም እንዲሁ ነበር ያለው። ይህችን ንግግር ቋጥራችሁ ያዟት፤ ኋላ እጠይቃችኋለሁ።

አሁን መንገድ ጀምረናል። ከኤዴኮ ጋር ወደ አቲላ የሚሄዱት የሮማ መልእክተኞች አለቃ ማክሲሚኖስ የሚባል ጨዋ ሰው ነው፤ ከጓዙ መካከል የንጉሥ ገዳይ እንደሚሄድ ማንም አልነገረውም። ጓደኛው ፕሪስኮስም አብሮት አለ። ያየውን የሚጽፍ ሰው ነው፤ እሱ ባይጽፍ ኖሮ እኔም ዛሬ እናንተን የማጓጓበት ነገር አይኖረኝም ነበር።

በ13ኛው ቀን ሰርዲካ ደረሱ፤ የዛሬዋ ሶፊያ ናት። ሮማውያኑ ከአገሬው በግና በሬ ገዝተው አረዱ፤ ሁኖቹንም ለእራት ጠሩ። ጽዋ ተነሣ። ሁኖቹ «ለአቲላ!» አሉ። ሮማውያኑ «ለቴዎዶስዮስ!» አሉ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት?

ቪጊላስ ጣልቃ ገባ። «ሰውንና አምላክን ማወዳደር ነውር ነው» አለ። «አቲላ ሰው ነው፤ ቴዎዶስዮስ ግን አምላክ ነው።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የክርስቲያን ንጉሥ ቱርጁማን ይህን ማለቱ ራሱ ሌላ ጉድ ነው፤ እሱን ለካህናቱ እንተወው። የሁኖቹ ደም ፈላ። ማክሲሚኖስና ፕሪስኮስ በመከራ ጨዋታውን ለወጡት። ከእራት በኋላም ማክሲሚኖስ ለኤዴኮና ለአቲላ ጸሐፊ ለኦሬስቴስ የሐር ልብስና የህንድ ዕንቁ ሰጥቶ ልባቸውን አበረደ።

ኦሬስቴስ ግን ወደ ኋላ ቀረት አለ። «እርስዎ አስተዋይ ሰው ነዎት» አለው ማክሲሚኖስን። «እኔን ትተው ኤዴኮን ብቻ ጠርተው እንዳከበሩት እንደ እነዚያ የቤተ መንግሥት ሰዎች አላደረጉም።»

«የምን ጥሪ? መቼ?»

ኦሬስቴስ መልስ ሳይሰጥ ሄደ። በማግስቱ ቪጊላስን ቢጠይቁት ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኦሬስቴስ ጸሐፊና አገልጋይ ነው፤ ኤዴኮ ግን ጦረኛና የሁን ዘር ነው። ምን ያስቀይመዋል?» ብሎ አለፈው። ለኤዴኮም ነገሩን ነገረው፤ ኤዴኮ ተናደደ። እኔ በቪጊላስ ቦታ ብሆን እዚያው ላይ ፈረሴን ወደ ኋላ አዞር ነበር።

(በነገራችን ላይ ኦሬስቴስንና ኤዴኮን አትርሷቸው። የኦሬስቴስ ልጅ ሮሙሉስ በምዕራብ ሮማ ዙፋን የተቀመጠ የመጨረሻው ንጉሥ ነው። በ476 ከዙፋኑ ያወረደው ኦዶአከር ደግሞ ብዙ የታሪክ ሰዎች እንደሚያምኑት የዚሁ የኤዴኮ ልጅ ነው። እሱ ግን ሌላ ተከታታይ ይወጣዋል።)

ከዚያ ናይሱስ፣ የዛሬዋ ኒሽ። የንግሥት እሌኒ ልጅ፣ ታላቁ ቆስጠንጢኖስ የተወለደባት ከተማ። ሁኖች ካፈረሷት ዓመታት አልፈዋል፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ማደሪያ ከወደቁ ጥቂት በሽተኞች በቀር ሰው የለባትም። መንገደኞቹ ለማደር ወደ ወንዙ ወረዱ፤ ዳርቻው በጦርነት ባለቁ ሰዎች አጥንት ተሞልቷል። ድንኳን የሚተከልበት ንጹሕ መሬት ፍለጋ ራቅ ብለው መሄድ ነበረባቸው። ቪጊላስ ያንን አጥንት አይቶ ምን እንዳሰበ ፕሪስኮስ አልጻፈልንም። እኔ ስገምት ወርቁን ነው ያሰበው።

ዳኑብን ከአንድ ግንድ በተፈለፈለ ታንኳ ተሻገሩ። የአቲላ ሰፈር ታየ። ሮማውያኑ ኮረብታ ላይ ድንኳን ሊተክሉ ሲሉ ፈረሰኞች እየጋለቡ መጡ፦ የአቲላ ድንኳን ሜዳ ላይ እያለ እናንተ ከላዩ? ውረዱ! ወረዱ።

ወዲያው ኤዴኮ፣ ኦሬስቴስና ስኮታስ የሚባል መኮንን ከሌሎች ጋር መጡ።

«ለምን መጣችሁ?»

ማክሲሚኖስ ግራ ገባው። «መልእክታችን ለአቲላ እንጂ ለሌላ አይነገርም።»

ሄዱ፤ ተመለሱም። ሲመለሱ ኤዴኮ የለም። የመጡትም በንጉሡ ደብዳቤ ውስጥ የተጻፈውን ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ ዘረዘሩላቸው። «ሌላ ከሌላችሁ አሁኑኑ ወደ አገራችሁ!»

ያልተከፈተ ደብዳቤ! ማን ነገራቸው? ቪጊላስ «አቲላን ባገኘው እመልሰው ነበር» እያለ ይቆጫል። ማን እንደነገረ ማሰብ እንኳ አልፈለገም። እናንተ ግን ያቺን የቋጠራችኋትን ንግግር አሁን ፍቷት። ኤዴኮ ወርቁን ለምን አልያዘም? ቪጊላስስ ለምን አብሮት ይምጣ አለ?

አዎ። ኤዴኮ ሁሉንም ለአቲላ ተናግሯል፤ እራቱን፣ መሐላውን፣ ወርቁን። ከመጀመሪያው የውሸት ምሎ ይሁን ወይስ የኦሬስቴስን ቅሬታ ሲሰማ «ይህ ሰው ሳይቀድመኝ» ብሎ ፈርቶ፣ ፕሪስኮስ ራሱ አልቆረጠም። እኔ ፍርሃቱ ይበልጥብኛል፤ ሰርዲካ ላይ ሲናደድ አይተነዋላ።

ጓዛቸውን ጭነው ሊመለሱ ሲሉ ፕሪስኮስ ስኮታስን ፈልጎ አገኘው። «አቲላ ዘንድ ተሰሚ ነህ ይሉሃል፤ እስቲ እናያለን» ብሎ ኩራቱን ነካካው። ስኮታስ ፈረሱ ላይ ዘሎ ወጥቶ ፈቃድ ይዞ መጣ። እንዲህ ያለውን ሰው ሁላችንም እናውቃለን።

ድንኳኑ በዘበኛ ተከቧል። አቲላ በእንጨት ወንበር ተቀምጧል፤ አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ዓይኑ ትንንሽ፣ ጢሙ ስስ። ማክሲሚኖስ ደብዳቤውን ሰጥቶ የንጉሡን መልካም ምኞት አደረሰ።

«ለእኔ የተመኙልኝ ለእነሱም ይድረሳቸው» አለ አቲላ።

ማክሲሚኖስ ሰላምታ መስሎት አንገቱን ዝቅ አደረገ። እኔና እናንተ ግን ገብቶናል፤ አይደል?

ከዚያ ዓይኑ ቪጊላስ ላይ ዐረፈ። «አንት ኀፍረተ ቢስ አውሬ! ከእኔ የሸሹት ሳይመለሱ መልእክተኛ እንዳይመጣ አላልኩም?»

«ከእኛ ዘንድ የቀረ ሸሺ የለም፤ ሁሉም ተመልሷል...»

«የመልእክተኛ ሕግ ባይከለክለኝ በእንጨት ሰክቼ ለአሞራ እሰጥህ ነበር!»

ጸሐፊዎቹ የሸሹትን ስም ከወረቀት ላይ አነበቡ። ቪጊላስ ኤስላስ ከሚባል ሁን ጋር ወደ ቁስጥንጥንያ ተመልሶ እንዲያስመጣቸው ታዘዘ። ከድንኳኑ እንደወጡ ኤዴኮ ለብቻው ሳበው፦ «ወርቁን ይዘህ ና።» ቪጊላስ የልቡ ደረሰ! ስድቡንም የሸሹትን ሰዎች ጉዳይም አላገናኘውም።

ወዲያው ሌላ ትእዛዝ መጣ። ነገሩ እስኪያልቅ ሮማውያን ምርኮኛ እንዳይቤዡ፣ ባሪያ እንዳይገዙ፣ ፈረስ እንዳይገዙ፤ ከምግብ በቀር ምንም። ማክሲሚኖስ የንግድ ጉዳይ መሰለው። ለካ አቲላ የቪጊላስን የማምለጫ በር ሁሉ አንድ በአንድ እየዘጋ ነው።

ቪጊላስ ሄደ። የቀሩት በአቲላ አዳራሽ ግብዣ ተጋበዙ፤ እንግዶቹ በብር ሳህን ይበላሉ፣ በወርቅና በብር ጽዋ ይጠጣሉ፣ እሱ ሥጋውን ከእንጨት ሳህን ላይ ያነሣል። እንዲገደል ከተዶለተበት አገር የመጣውን ሰው ጸጥ ብሎ ያበላል። አንድም ቃል አልወጣውም። እኔ ብሆን እንጀራ አይወርድልኝም ነበር።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ ከቪጊላስ ጋር ተገናኙ። ሰላም ተባባሉ፣ ተለያዩ። 50 ፓውንዱ ጓዙ ውስጥ ነው። አጠገቡ ደግሞ አንድ ወጣት አለ፤ ልጁ ነው። ምን ሊያደርግለት ይዞት እንደመጣ እግዜር ይወቀው።

ሰፈሩ ሲደርስ የተዘጋጁ ሰዎች ከበቡት። ከረጢቱ ተነጠቀ። አባትና ልጅ አቲላ ፊት ቆሙ።

«ይህን ሁሉ ወርቅ ለምን አመጣኸው?» አለ አቲላ።

አንዱ ዘበኛ ሰይፉን መዝዞ ወደ ልጁ ተጠጋ።

እዚህ ላይ ልተዋችሁ። እስከ ሳምንት ድረስ ለቪጊላስ አንድ መልስ ፈልጉለት። ምርኮኛ፣ ባሪያ፣ ፈረስ ተከልክሏል፤ የቀረው ምግብ ብቻ ነው። ለሁለት ሰው ስንቅ 16 ኪሎ ወርቅ አስፈለገኝ ቢል፣ እናንተ በአቲላ ወንበር ላይ ብትሆኑ ታምኑታላችሁ?

ይቀጥላል።