ከሽንፋ ዳር የተረፈ ማዕድ

የሰጎን እንቁላልን ብዙዎቻችን የምናውቀው በቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ ነው። በመተማ ቆላ፣ በሽንፋ ወንዝ ዳር ግን የእንቁላሉ ስብርባሪ ከአፈር ወጥቶ ከ74,000 ዓመት በፊት ስለነበረ ድርቅ እየመሰከረ ነው።

ቦታው አዳኞችና ዓሣ አጥማጆች የሰፈሩበት ነበር። ከማዕዳቸው የተረፈው እዚያው ተቀብሯል፤ በስለት የተበጣ አጥንት፣ የእሳት ምልክት፣ የጦጣ፣ የጅግራና የዓሣ ቅሪት። አብረው የተገኙት ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ስለቶች የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ አጥኚዎቹ ያምናሉ።

ዘመኑን ያሳወቀው ደግሞ በዓይን የማይታይ ብናኝ ነው። በአፈሩ ውስጥ የተገኙት ጥቃቅን የእሳተ ገሞራ መስታወቶች ይዘታቸው ሲመረመር፣ ከ74,000 ዓመት በፊት በኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ ደሴት ከፈነዳው ከቶባ እሳተ ገሞራ የመጡ ሆነው ተገኙ።

ቅርፊቱስ ድርቁን እንዴት ያውቃል? ሰጎን አብዛኛውን ውኃ የምታገኘው ከምትበላው ዕፅዋት ነው። በውኃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ደግሞ ቀላልና ከባድ ዓይነት አለው። ፀሐይ ሲበረታ ቀላሉ ቀድሞ ይተንናል፤ ከባዱ ቅጠሉ ውስጥ ይበዛል። ሰጎኗ ያን ቅጠል ስትበላ ከባዱ ኦክስጅን ወደ እንቁላሏ ቅርፊት ይገባና እዚያው ይቀራል። ከቅርፊቱ ጥቂት ዱቄት ተፍቆ በመሣሪያ ሲለካ ዘመኑ እርጥብ ይሁን ደረቅ ይታወቃል። የእንስሳት ጥርስም በዚሁ መንገድ ይመረመራል።

የሽንፋ ቅርፊቶች የቶባ አመድ ከወረደ በኋላ ድርቁ እንደጠና አሳዩ። በዚያው ጊዜ በማዕዱ ላይ የዓሣው ድርሻ ጨመረ። በጋው ሲጠና ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ይሆናል፤ በጠበበ ውኃ የታጎረ ዓሣ ለመያዝ አይከብድም። አንዱ ኩሬ ሲነጥፍ ወደሚቀጥለው ይኬዳል። በ2024 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተሰኘው መጽሔት የወጣው ጥናት፣ የሰው ልጅ ከአፍሪካ የወጣው እንዲህ ያሉ በበጋ የሚቆራረጡ ወንዞችን ተከትሎ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል።

ይህን ሁሉ ያወቅነው ስብርባሪው ከተኛበት አፈር ሳይነሳ በመቆየቱ ነው። ከቦታው ከተነሳ ምስክርነቱ አብሮት ይጠፋል። ስለዚህ በእርሻ ማሳ ወይም ጎርፍ በሸረሸረው ገደል ላይ ድንጋይ የሆነ አጥንት ወይም የተጠረበ ስለት ቢያዩ አያንሱት፤ ቦታውን ምልክት አድርገው በአቅራቢያዎ ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይንገሩ።