ጎበዝ መካኒክ ለምን ይከስራል?
አነስተኛ ጋራዥ ስለ ማስተዳደር

ብዙ ዓመት ተቀጥሮ የሠራ፣ እጁ የተመሰገነለት መካኒክ አንድ ቀን የራሱን ጋራዥ ለመክፈት ይነሣል። ግቢ ይከራያል፣ ክሪክና ቁልፎች ይገዛል፣ አንድ ሁለት ልጆች ይቀጥራል። ደንበኞቹም ተከትለውት ይመጣሉ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ግን ያው ሰው ዕዳ ውስጥ ገብቶ፣ መሣሪያውን ሸጦ፣ ተመልሶ ተቀጣሪ ሲሆን እናያለን። የሚገርመው ደግሞ ጋራዡ የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ግቢው በመኪና ሞልቶ ሳለ ነው። ሥራ ጠፍቶ አይደለም፤ ሙያም ጎድሎት አይደለም። ታዲያ ምን ሆነ?

መልሱ ባጭሩ ይህ ነው፦ መኪናን የሚያስነሣው ሙያ ነው፤ ጋራዥን በእግሩ የሚያቆመው ግን ሒሳብና ቃል ነው። ውድ አንባቢ፣ እርስዎ የጋራዥ ባለቤት ከሆኑ ወይም ሊከፍቱ ካሰቡ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው። መኪናዎን ለጋራዥ የሚሰጡ ደንበኛ ከሆኑም ብርዎ የት እንደሚገባ ለማወቅ ይጠቅምዎታል። ምሳሌዎቹን የወሰድነው ከአዲስ አበባ ነው፤ ነገሩ ግን በአዳማም በሐዋሳም ያው ነው።

1. የአንድ ሰዓት ሥራዎ ዋጋ ስንት ነው?

አብዛኞቹ አነስተኛ ጋራዦች የእጅ ዋጋ የሚጠሩት ጎረቤት ጋራዥ ስንት እንደሚያስከፍል በመስማት ነው። ይህ ግን የጎረቤትን ጫማ ሳይለኩ እንደ መግዛት ነው። የራስዎን ወጪ ያስሉ። ለምሳሌ ያህል ብቻ የሚከተሉትን ቁጥሮች እንውሰድ፦ በወር ለግቢ ኪራይ 30,000 ብር፣ ለሁለት መካኒኮች 24,000፣ ለረዳት ልጅ 5,000፣ ለመብራት፣ ለውኃና ለጥበቃ 5,000፣ ለመሣሪያ ጥገናና መተኪያ 6,000፣ ለእርስዎ ለባለቤቱ ደመወዝ 20,000። ድምሩ 90,000 ብር ይሆናል።

ሁለቱ መካኒኮች በወር 25 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ቢሠሩ 400 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሰው 90,000ን ለ400 አካፍሎ «ሰዓቴ 225 ብር ነው» ይላል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ከእነዚህ 400 ሰዓታት ውስጥ ደንበኛ የሚከፍልባቸው ስንቶቹ ናቸው? ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራ የተኬደበት፣ መብራት የጠፋበት፣ ደንበኛ የተጠበቀበት፣ የተመለሰ መኪና በነጻ የታየበት ሰዓት ሁሉ አይከፈልበትም። የሚከፈልበት ግማሹ ከሆነ እውነተኛው ዋጋ በሰዓት 450 ብር ነው። በ225 የሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ ዘይት ተቀብቶ ውሎ በሚከፈልበት በእያንዳንዱ ሰዓት 225 ብር ከኪሱ እየጨመረ ነው። ብዙ መኪና ቢገባለትም ይከስራል። ግቢው ሞልቶ የሚዘጋው ጋራዥ ምሥጢሩ አንዱ ይህ ነው።

እንዲሁም የራስዎን ደመወዝ ከወጪው ውስጥ ያስገቡ። «ባለቤት ስለሆንኩ ከትርፉ እወስዳለሁ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚወስደው ከትርፍ ሳይሆን ቀጥለን ከምናየው ከሰው ገንዘብ ነው።

2. የደንበኛ ገንዘብና የጋራዡ ገንዘብ

ደንበኛ ለዕቃ መግዣ ቀብድ ይሰጣል። ይህ ገንዘብ በእርስዎ እጅ ቢሆንም የእርስዎ አይደለም። የአነስተኛ ጋራዦች ትልቁ ጉድጓድ ያለው እዚህ ነው፤ እንዴት እንደሚቆፈር እንይ።

ሰኞ አንድ ደንበኛ ለፍሪሲዮን መግዣ 15,000 ብር ሰጠ እንበል። የግቢው ኪራይ ቀን ደርሶ ስለነበር ገንዘቡ ለኪራይ ዋለ። ረቡዕ ሌላ ደንበኛ ለሞተሪኖና ለዲናሞ 16,000 ሰጠ፤ በዚያ የመጀመሪያው ሰው ፍሪሲዮን ተገዛ። ዓርብ ሦስተኛው መጣ፤ የእርሱ ገንዘብ ለሁለተኛው ሰው ዕቃ ሄደ። ከውጭ ሲታይ መኪናው ሁሉ እየተሠራ ይወጣል። ጉድጓዱ ግን አልተደፈነም፤ ከአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ። አንድ ሳምንት አዲስ ደንበኛ የቀረ ዕለት የመጨረሻው ሰው መኪና ተፈታትቶ ይቀራል። ከዚያ ስልክ አለማንሣት ይመጣል፣ «ነገ» ይመጣል፣ ጠብ ይመጣል፣ አልፎም ክስ ይመጣል።

የዕቃ ዋጋ በሚወጣበት ጊዜ ደግሞ ጉድጓዱ በራሱ ይሰፋል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ከምንዛሪ ጋር ስለሚሄድ፣ በእንዲህ ያለ ጊዜ የደንበኛን ገንዘብ ለሁለት ሳምንት ይዞ የቆየ ሰው ልዩነቱን ከየት ያመጣል?

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጽናት ግን ይጠይቃል። ለዕቃ መግዣ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ የባንክ ሒሳብ ይክፈቱ፤ ወይም በየታርጋው ቁጥር ፖስታ ያዘጋጁ። ከዚያ ውስጥ ለደመወዝም ለኪራይም አንድ ብር አይውጣ። ገንዘቡን የተቀበሉ ዕለት ወይም በማግሥቱ ዕቃውን ይግዙ። ለደንበኛ ዋጋ ሲሰጡ «ይህ ዋጋ ለሦስት ቀን የሚጸና ነው» ብለው ይጻፉ። ደንበኛው ዕቃውን ራሱ ልግዛ ካለም አይከፉ፤ ትክክለኛውን ዕቃ እንዲያመጣ የሻንሲውን ቁጥር ጽፈው ይስጡት፤ የእጅ ዋጋዎን ግን አይተዉ።

3. ሳይመረምሩ አይፍቱ

ደንበኛ የሚከፍልዎ ብሎን ለመፍታት ብቻ አይደለም፤ የትኛው ብሎን መፈታት እንዳለበት ስለሚያውቁ ነው። ነገር ግን ብዙ ጋራዥ ምርመራን በነጻ ይሰጥና ኪሳራውን ዕቃ በመቀየር ሊያካክስ ይሞክራል። ይህ ደንበኛውን ይጎዳል፤ በመጨረሻም ጋራዡን። ምርመራ ሥራ ስለሆነ ዋጋ ይቁረጡለት። ደንበኛው ጥገናውን ካዘዘ ከጠቅላላው ላይ ሊቀንሱለት ይችላሉ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቪትዝ መኪና ቼክ ኢንጂን መብራት አብርቶ፣ እየተንቀጠቀጠ መጣ። በኮምፒውተር ሲታይ ፒ0301 የሚል ኮድ ሰጠ። ትርጉሙ በአንደኛው ሲሊንደር ውስጥ ነዳጁ በትክክል እየተቀጣጠለ አይደለም ማለት ነው። ኮዱ ግን «ኮይል ቀይር» አላለም። ምክንያቱ ካንዴላ፣ ኮይል፣ ኢንጀክተር፣ የተቆረጠ ሽቦ ወይም የኮምፕሬሽን ማነስ ሊሆን ይችላል። ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት የአንደኛውን ሲሊንደር ኮይል ከሁለተኛው ጋር ይለዋውጡና ሞተሩን አስነሥተው እንደገና ያንብቡ። ኮዱ ወደ ፒ0302 ከተዛወረ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው። ካልተዛወረ ካንዴላውን በዚያው መንገድ ይሞክሩ። ይህ ሙከራ አንድ ብር አያስወጣም፤ ደንበኛውን ግን አራት ኮይል ከመግዛት ያድነዋል።

ሁለተኛው የባትሪ ጉዳይ ነው። «ባትሪዬ ሞተ» ብሎ የመጣን ሰው ወዲያው ባትሪ አያስገዙት። ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሩ ሲነሣ ከ13.5 እስከ 14.5 ሊደርስ ይገባል። ሞተሩ እየሠራም ከ12.5 ካላለፈ ቻርጅ የሚያደርገው ዲናሞ ወይም መስመሩ ስለሆነ፣ አዲሱም ባትሪ በጥቂት ቀን ያልቃል።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ክፍት ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የሞተር የሥራ ሙቀት ደግሞ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ውኃው ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ነው፤ ስለዚህ የላላ ክዳን ብቻውን መኪና ሊያፈላ ይችላል። ቴስታታ ከማውረድዎ በፊት ክዳኑን፣ ቱቦዎቹንና ፋኑን ይመልከቱ። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልም መፍትሔ አይደለም፤ ሞተሩ ሳይሞቅ እንዲሠራ አድርጎ ነዳጅ ያስበላል፣ እውነተኛውን ችግርም ይሸፍናል።

4. ቃል በወረቀት ይሁን

መኪና ወደ ግቢ ሲገባ አንድ ወረቀት ይሙሉ፦ ታርጋ፣ የሄደበት ኪሎ ሜትር፣ የነዳጅ መጠን፣ ቀድሞ የነበረ ጭረት፣ ውስጡ የቀረ ዕቃ፣ የደንበኛው ቅሬታ በራሱ አነጋገር፣ የተስማማችሁበት ዋጋና ቀን። ደንበኛው ይፈርም። በሥራ መካከል ሌላ ብልሽት ከተገኘ እጅዎን ከማስገባትዎ በፊት ይደውሉ፤ ፎቶ አንሥተው ይላኩለት። ያልታዘዘ ሥራ ሠርቶ ሒሳብ ማቅረብ፣ ሥራው አስፈላጊ ቢሆን እንኳ፣ እምነትን ያጠፋል።

የወጣውን አሮጌ ዕቃ በከረጢት አድርገው ለባለቤቱ ያስረክቡ። የገባው ኦሪጅናል ይሁን፣ ሌላ አምራች የሠራው ይሁን፣ ያገለገለ ይሁን በደረሰኙ ላይ ይጻፉ። ያገለገለ በር ወይም መስተዋት መግጠም ነውር የለውም። ያገለገለ የፍሬን ሸራ መግጠም ግን በሰው ሕይወት መጫወት ነው። ፎርጅድ ዕቃን በኦሪጅናል ዋጋ መሸጥ ደግሞ ስሙ ሌላ ነው።

ወደ ደኅንነት ስንመጣ፣ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም ሠራተኛ አይግባ፤ የብረት መደገፊያ ይቁም። ጎማ ሲታሰር በግምት ሳይሆን ቶርክ ሬንች በሚባለው መጠን በሚለካ ቁልፍ ይጥበቅ፤ ለብዙዎቹ ትናንሽ ቶዮታዎች ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው። የተቃጠለ ዘይት ወደ ቦይ አይፍሰስ፤ በበርሜል ተጠራቅሞ ለሚሰበስቡ ይሰጥ። የሰፈሩ ውኃ የልጆችዎም ውኃ ነው።

5. የቤተ ክርስቲያን ወገን ደንበኛ ሲሆን

ይህን ጉዳይ ብዙዎች በግልጽ አይነጋገሩበትም። አንድ ወንድም መኪናውን ያመጣል፤ ዋጋ አይጠየቅም፣ ወረቀት አይሞላም፣ «እንተዋወቃለን» ይባላል። ሥራው ሲያልቅ ባለቤቱ የልቡን ዋጋ ለመናገር ያፍራል፤ ደንበኛውም ያሰበውን ሰጥቶ ይሄዳል። ወይም «ደመወዝ ሲወጣ» ይልና ይዘገያል። ጠያቂው «ወንድሜ ነው» ብሎ ዝም ይላል፤ ተጠያቂውም ዝም ካለማ አይቸገርም ብሎ ያስባል። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ሁለቱ በተለያየ በር ይወጣሉ። በጥቂት ሺህ ብር ምክንያት የቆየ ወዳጅነት ይቀዘቅዛል።

ስለዚህ ለወገን የሚሞላው ወረቀት ከማንም ደንበኛ ያላነሰ ይሁን። መቀነስ ከፈለጉ ሙሉውን ዋጋ ጽፈው ቅናሹን ከሥሩ ያስቀምጡ፤ ቅናሹም ከእጅ ዋጋዎ ላይ ይሁን እንጂ ከዕቃው ዋጋ ላይ አይሁን። በነጻ መሥራት ከፈለጉ «ይህ ስጦታ ነው» ብለው አስቀድመው ይናገሩ፤ በወር ስንት እንዲህ ያለ ሥራ መሸከም እንደሚችሉም ይወስኑ። የሠራተኞችዎ ደመወዝ በእርስዎ ልግስና መጉደል የለበትምና።

እርስዎ ደንበኛው ከሆኑ ደግሞ ወንድምዎ ጋራዥ ስላለው ብቻ የዋጋ ቅናሽ መብትዎ አይደለም። ወዳጅ ከሆኑ ከሌላው ቀድመው ይክፈሉ። ልጆቹን የሚያስተምረው በዚያ ገንዘብ ነው።

6. ከፊታችን ያለው ለውጥ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸው ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ይህ ለአነስተኛ ጋራዥ ሁለት ነገር ማለት ነው። በአንድ በኩል፣ በአገር ውስጥ ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ቶሎ ስለማይተኩ ባለቤቶቻቸው ለረጅም ጊዜ እያስጠገኑ ይነዷቸዋል። በሌላ በኩል፣ የኤሌክትሪክ መኪና ዘይት አይቀየርለትም፣ ካንዴላ የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም። ፍሬን፣ ጎማ፣ ኩሽኔታና ባለ 12 ቮልት ባትሪ ግን አለው፤ መሪውም ይላላል። እነዚህን ዛሬም መሥራት ይችላሉ። ዋናው ባትሪ ግን በብዙዎቹ ከ300 ቮልት በላይ ስለሚይዝ፣ ሳይሠለጥኑና ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ጓንት ሳይኖር ብርቱካንማ ቀለም ያለውን ሽቦ መንካት ለሞት ያደርሳል። እንግዲህ ከሠራተኞችዎ አንዱን ከአሁኑ ወደ ሥልጠና ይላኩ፤ «ይህን አልሠራም» ማለትም ሙያ መሆኑን ያስተምሯቸው።

በመጨረሻም፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ነገ ጠዋት ሊጀምሩ የሚችሉት አንድ ነገር ቢኖር የደንበኛን ገንዘብ ከጋራዡ ገንዘብ መለየት ነው። ዛሬ በግቢዎ ያሉትን መኪናዎች ይቁጠሩ፤ ከእያንዳንዱ ባለቤት ለዕቃ የተቀበሉትን በአንድ ወገን፣ የተገዛውን በሌላ ወገን ይጻፉ። ልዩነቱ የእርስዎ ዕዳ ነው። ትንሽ ከሆነ ዛሬውኑ ይድፈኑት። ትልቅ ከሆነ ባለገንዘቦቹን ጠርተው እውነቱን ይንገሯቸውና የሚችሉትን ቀን ይስጧቸው። ስልክ ከማጥፋት ይልቅ እውነት መናገር ደንበኛን ያቆያል። የእጅዎ ሥራ ይባረክ።