ሳይነካ የሚይዝ ኩሽኔታ

ቁልቁለት ባለበት ሰፈር ያደግን ሰዎች ኩሽኔታን የምናውቀው ከጋራዥ ሳይሆን ከጋሪ ነው። ከመካኒክ የተለመነ አሮጌ ኩሽኔታ፣ ሁለት ጣውላ፣ ጥቂት ሚስማር፤ ከዚያ አስፋልቱን እያንጫረሩ መውረድ። ጩኸቱ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ምን እንደነበረ የገባኝ ግን ካደግኩ በኋላ ነው፦ ብረት ብረትን እየበላ ነበር። በሁለት ቀለበቶች መካከል የተደረደሩት የብረት ኳሶች ክብደቱን ተሸክመው ይንከባለላሉ፤ ሲንከባለሉ ይሞቃሉ፣ ይፋቃሉ፣ ግራሶ ይጠይቃሉ፣ ውሎ አድሮም ይላላሉ። ባለወፍጮውም፣ ሹፌሩም፣ የውኃ ፓምፕ ጠጋኙም ይህን በኪሱ ያውቀዋል።

ታዲያ ክብደት ተሸክሞ ምንም የማይነካ ኩሽኔታ መሥራት ይቻላል? ይቻላል። እንዲያውም ሁለት መንገድ አለው፤ ሁለቱንም ከወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ልንጀምራቸው እንችላለን።

ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጡ ሁለት ማግኔቶች ካሉዎት የሚገፋፋውን ፊታቸውን አጋጥመው አንዱን በሌላው ላይ ለማንሳፈፍ ይሞክሩ። ግፊቱ ጣትዎ ላይ ይሰማዎታል። ሲለቁት ግን የላይኛው ወደ ጎን ይሸሻል፣ ወይም ተገልብጦ ጥብቅ ይላል። አሥር ጊዜ ቢሞክሩም ያው ነው፤ ጥፋቱ የእጅዎ አይደለም። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ኧርንሾ በ1842 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሒሳብ እንዳሳየው፣ ቋሚ ማግኔቶችን እንዴትም አድርገን ብንደረድራቸው ሌላ ቋሚ ማግኔትን ባዶ አየር ላይ በሁሉም አቅጣጫ አጽንተው ሊይዙት አይችሉም። ከላይና ከታች ሲጸና ከጎን ይሸሻል፤ ከጎን ሲጸና ከላይና ከታች። የቀለበት ማግኔቶችን እርሳስ ላይ ሰክቶ ማንሳፈፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ከጎን የያዛቸው እርሳሱ ነው፣ እርሳሱ ደግሞ ይነካል።

የመጀመሪያው መውጫ ጠባቂ ማቆም ነው። የመወልወያ እንጨት መዳፍዎ ላይ ያቁሙ። ዐይንዎን ጫፉ ላይ ተክለው እጅዎን ወዲህ ወዲያ ካንቀሳቀሱ ጥቂት ተለማምደው ሊያቆሙት ይችላሉ። አሁን በእርሳስ ይሞክሩት። አይሆንም። ምክንያቱ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ነው። 1.2 ሜትር የሆነ እንጨት አንዴ ዘንበል ካለ ዝንባሌው ወደ ሦስት እጥፍ እስኪጠጋ 0.3 ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ 18 ሳንቲ ሜትር የሆነ እርሳስ ግን 0.11 ሰከንድ ብቻ። ዐይን አይቶ እጅ እስኪታዘዝ ደግሞ 0.2 ሰከንድ አካባቢ ያልፋል። እንጨቱን እንደርስበታለን፤ እርሳሱ ይቀድመናል።

የኤሌክትሪክ ማግኔት ከእርሳሱም የባሰ ነው። በማግኔቱና በብረቱ መካከል ያለው ክፍተት በግማሽ ሲጠብ ስበቱ 4 እጥፍ ይሆናል። የቀረበው ይበልጥ ይቀርባል፣ የራቀው ይበልጥ ይርቃል። ስለዚህ የሚሽከረከር የብረት ዘንግን አየር ላይ ለመያዝ ክፍተቱን የሚለካ ሴንሰርና የኤሌክትሪኩን መጠን በሰከንድ 10,000 ጊዜ ያህል የሚያስተካክል ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ለካ፣ አስላ፣ አስተካክል፣ እንደገና ለካ። ግብረ መልስ የሚባለው ይህ ዙር ነው። ከ2004 ጀምሮ መንገደኛ የሚያመላልሰው የሻንጋይ ማግኔታዊ ባቡርም የሚንሳፈፈው እንዲሁ ነው፦ ማግኔቶቹ ከሐዲዱ ሥር ገብተው ወደ ላይ ይሳባሉ፣ ቁጥጥሩም ክፍተቱን 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ በጣም የምወደው ብልሃት አለ። የማግኔት ስበት የሚያድገው በኤሌክትሪኩ ካሬ ልክ ነው፤ በካሬ የሚያድግ ነገር ደግሞ ለመቆጣጠር ያስቸግራል። መሐንዲሶቹ ምን አደረጉ? ዘንጉን ከቀኝም ከግራም እኩል እንዲጎተት አደረጉት፣ ልክ እንደ ገመድ ጉተታ። በሁለቱም ወገን 10 መጠን ኤሌክትሪክ አለ እንበል። ቀኙን ወደ 11 ከፍ፣ ግራውን ወደ 9 ዝቅ እናድርግ። የ11 ካሬ 121 ነው፣ የ9 ካሬ 81፤ ልዩነቱ 40። ለውጡን እጥፍ እናድርገው፣ 12 እና 8፦ 144 ሲቀነስ 64፣ 80 ይሆናል። እጥፍ ለውጥ፣ እጥፍ ጉልበት። ካሬው እርስ በርሱ ተጣፍቶ ቀጥ ያለ ተመጣጣኝነት ብቻ ቀረ። ዘንጉ ከመሃል ብዙ እስካልራቀ ድረስ ነገሩ ሊኒየር ነው የሚባለው ለዚህ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሒሳብ ሁሉ የቆመው በዚህች ቅንነት ላይ ነው።

አሁን ጥያቄው ስንት እናስተካክል ነው። በመጀመሪያ የሚመጣልን ሐሳብ «በራቀው ልክ መልሰው» የሚል ነው። ይህ ብቻውን አይበቃም። ዥዋዥዌ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ በራቀ መጠን ወደ መሃል ይጎተታል፣ መሃል ሲደርስ ግን ፍጥነት ስላለው አልፎ ይሄዳል። ባሌስትራ ብቻ ያለው መኪና ጉድጓድ ባለፈ ቁጥር ሲያወዛውዘን የሚኖረው በዚሁ ነው። ስለዚህ ጠባቂው ዘንጉ የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን ወዴትና በምን ፍጥነት እየሄደ እንደሆነም ማወቅ፣ ፍጥነቱንም መቃወም አለበት።

ለቦታው ስንት፣ ለፍጥነቱ ስንት? ለረጅም ጊዜ ይህ በአብዛኛው የባለሙያ እጅ ጉዳይ ነበር፣ እንደ በርበሬ ድለዛ። በ1960 ግን ሃንጋሪ የተወለደው አሜሪካዊ ሩዶልፍ ካልማን ጥያቄውን ሌላ መልክ ሰጠው። በመጀመሪያ የምትጠሉትን ተናገሩ አለ። ከቦታ መራቅን ስንት ትጠላላችሁ? ጉልበት ማባከንንስ? ሁለቱንም በካሬ ቅጡ፤ ሁለት እጥፍ መራቅ 4 እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ መራቅ 9 እጥፍ ይቀጣል፣ ትንንሹ ስሕተት ግን በቀላሉ ይታለፋል። ከዚያ ከሁሉም አሠራሮች መካከል ድምር ቅጣቱን ትንሹን የሚያደርገውን ፈልጉ። መልሱ አስደናቂ በሆነ መንገድ ቀላል ነው፦ ቦታውን በአንድ ቁጥር፣ ፍጥነቱን በሌላ ቁጥር አባዝቶ መደመር፣ ውጤቱንም ገልብጦ መግፋት። ቁጥሮቹ የሚወጡበት ቀመር በ18ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው ጣሊያናዊ በያኮፖ ሪካቲ ስም ይጠራል።

በወረቀት ላይ የሚፈታ ምሳሌ ልስጥ። የሚገፋውም የሚስበውም የሌለ፣ ክብደቱ 1 የሆነ ነገር አለን። መራቅንና ጉልበትን እኩል ብንጠላ ሒሳቡ ለቦታው 1፣ ለፍጥነቱ 1.41 ይሰጠናል። አሁን ጉልበት 16 እጥፍ ይወደድብን። የቦታው ቁጥር ወደ 0.25 ይወርዳል፣ ሩብ ሆነ ማለት ነው። የፍጥነቱ ግን 0.71፣ ግማሽ ብቻ። ሁለቱን ቁጥሮች ደጋግመው ይመልከቷቸው። ኑሮ ሲወደድ ሒሳቡ ከሁሉ በላይ የሚቆጥበው ወደ ቦታ መመለሱን ነው፤ ማረጋጋቱን ግን በቀላሉ አይለቅም። ቀስ ብሎ መመለስ ይቻላል፣ እየተወዛወዙ መመለስ ግን ውድ ነው። ይህን ብዙ ልምድ ያለው ባለሙያ በስሜት ያውቀው ይሆናል፤ ምን ያህል እንደሆነ የነገረን ግን ካልማን ነው። ፍጥነቱን በቀጥታ የሚለካ ሴንሰር በሌለበት ደግሞ፣ በዚያው ዓመት ያወጣው ማጣሪያ ከተዛባ ልኬት ውስጥ እውነተኛውን ቦታና ፍጥነት ይገምታል፤ የአፖሎ መንኮራኩሮች ወደ ጨረቃ ሲሄዱ ተጠቅመውበታል።

ሁለተኛው መንገድ ጠባቂ አይፈልግም። ሆላንዳዊው ሄይከ ካመርሊንግ ኦነስ በ1911 ላይደን ከተማ ውስጥ ሜርኩሪን እስከ 269 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲያቀዘቅዘው ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ ድንገት ጠፋ። ሱፐርኮንዳክተር የምንለው ቁስ ይህ ነው፤ ኤሌክትሪክ አንዴ ከዞረበት ያለ ድካም ይዞራል። በ1933 ደግሞ ማይስነርና ኦክሰንፌልድ የተባሉ ጀርመናውያን እንዲህ ያለ ቁስ የማግኔትን መስክ ከውስጡ ገፍቶ እንደሚያስወጣ አዩ። ችግሩ ብርዱ ነበር። በ1986 ቤድኖርዝና ሙለር ዙሪክ አጠገብ የተሻለ ሴራሚክ አገኙ፤ በ1987 ደግሞ ከኢትሪየም፣ ከባሪየምና ከመዳብ ኦክሳይድ የተሠራው ሴራሚክ 180 ዲግሪ ከዜሮ በታች ላይ ሱፐርኮንዳክተር ሆነ። ፈሳሽ ናይትሮጅን 196 ከዜሮ በታች ስለሆነ በቂ ነው። ይህ ፈሳሽ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የከብት ማዳቀል ባለሙያዎች የኮርማ ዘር ይዘው ገጠር የሚወርዱት በእሱው ዕቃ ነው።

ይህ ሴራሚክ መስኩን ሙሉ በሙሉ አያስወጣም፤ ለኩሽኔታ የሚጠቅመው ጉድለትም ይኸው ነው። መስኩ በቀጫጭን ክሮች መልክ ይገባል፣ ክሮቹም በቁሱ ውስጥ ያሉ እንከኖች ላይ ይጠመዳሉ። ከዳር እስከ ዳር ተወግቶ እንደተሰፋ ፍራሽ ይሆናል ማለት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ማግኔቱንና ሴራሚኩን ሳያቀዘቅዙ መካከላቸው ቁራጭ እንጨት ያስገባሉ፤ ናይትሮጅን ያፈስሱበታል፤ ሲቀዘቅዝ እንጨቱን ይመዝዛሉ። ማግኔቱ እዚያው አየር ላይ ይቀራል። ሲገፉት ይመለሳል፣ ሲስቡትም ይመለሳል፣ ቢገለብጡትም ከሥሩ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ኧርንሾ አልተሳሳተም፤ እሱ የተናገረው ስለ ቋሚ ማግኔት ነው፣ ሴራሚኩ ግን በውስጡ የሚዞረውን ኤሌክትሪክ ለእያንዳንዱ ንቅናቄ ራሱ ይለውጣል።

ታዲያ በሁሉም አቅጣጫ ከተያዘ እንዴት ይሽከረከራል? ማግኔቱ ክብ ከሆነ፣ በዘንጉ ዙሪያ ሲዞር መስኩ አይለወጥም። ሴራሚኩ የሚቃወመው ለውጥን ነው፤ ለውጥ ከሌለ የሚቃወመው የለም። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ሁሉ ዝግ ነው፤ መሽከርከር ብቻ ክፍት። አራት ማዕዘን ማግኔት ብናስቀምጥ ግን እንዲህ በነጻነት አይዞርም። ኩሽኔታ ማለት ከዚህ የተለየ አይደለም፦ አንድ እንቅስቃሴ ፈቅዶ ሌላውን መከልከል። ይህን የተረዳሁ ቀን ሌላ ሥራ መሥራት አልቻልኩም።

ይህ ኩሽኔታ ግን ለስላሳ ነው። እንዝርት ሲፈተልበት ክሩ በአንድ ወገን ከተከማቸ እንደሚርገበገብ ሁሉ፣ የትኛውም ዘንግ በአንድ በኩል ጥቂት ይከብዳል። ፍጥነቱ ሲጨምር ዘንጉ በተፈጥሮው ከሚወዛወዝበት ፍጥነት ጋር ይገጥማል፤ በዚያች ሰዓት መንቀጥቀጡ ይንራል። ካለፈው በኋላ ራሱን ያስተካክላል፤ ችግሩ ማለፉ ነው። ለማለፍ ውዝዋዜን የሚበላ ነገር ያስፈልጋል፣ ሱፐርኮንዳክተር ደግሞ ውዝዋዜን የሚበላው በጥቂቱ ነው። በተጨማሪም የተጠመዱት ክሮች ከጊዜ ጋር በትንሽ በትንሹ ስለሚንሸራተቱ ዘንጉ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል።

ስለዚህ ሁለቱን መንገዶች ማጋባት ይጠቅማል። ሱፐርኮንዳክተሩ ክብደቱን ይሸከማል፣ ቦታውንም ያስታውሳል፤ ጥቂት የኤሌክትሪክ ማግኔቶች ደግሞ የካልማንን ሒሳብ ይዘው መወዛወዙን ብቻ ያበርዳሉ። ከላይ ያየናት ምሳሌ እዚህ ትመለሳለች፦ ወደ ቦታ የመመለሱን ሥራ ሌላ ስለያዘው፣ ጉልበት የሚወጣው ለፍጥነቱ ብቻ ነው። ክብደት የማይሸከም ማግኔት ትንሽ ሊሆን ይችላል፣ ኤሌክትሪኩም እንዲሁ።

ጃፓን ውስጥ ያማናሺ ላይ በ2015 በሱፐርኮንዳክተር ኩሽኔታ የተንሳፈፈ፣ 4 ቶን የሚመዝንና ዲያሜትሩ 2 ሜትር የሆነ መንኮራኩር መሞከር ጀምሯል። የፀሐይ ኃይል ሲተርፍ መንኮራኩሩ ይፈጥናል፤ ሲያንስ ከመንኮራኩሩ ዙረት ኤሌክትሪክ ይወጣል። እንደ ባትሪ ነው፣ ግን ሙሉ ሥራው መዞር ነው።

መብራት ቢጠፋስ? በጠባቂ ብቻ የቆመው ዘንግ ጠባቂው ባንቀላፋበት ቅጽበት ይወድቃል፤ በሱፐርኮንዳክተር የተያዘው ብርዱ እስኪወጣ ጊዜ አለው፣ ቀስ ብሎ ለመቆም የሚበቃ። ቢሆንም በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚሠሩት ማሽኖች ዘንጉን በጠባብ ክፍተት ከብቦ፣ ሳይነካው የሚጠብቅ ሌላ ነገር ይዘው ይመጣሉ፦ የብረት ኳስ የተደረደረበት ተራ ኩሽኔታ። ዘንጉ የወደቀ ቀን የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፣ እንደ ልጅነት ጋሪያችን እያንጫረረ።